ዝቅ ማለትን በተግባር ላሳዩን አባት

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ያረፉት ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። በዚያ ዓመት የምዕራቡም የምሥራቁም ፋሲካ በአንድ እሑድ ስለዋለ፣ ለእኛ ለግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ዕለቱ ማዕዶት ነበር። ስለ እርሳቸው ብዙ ተብሏል። እኔ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሥልጣን ዝቅ ሲል እንደማይዋረድ፣ እንዲያውም ያን ጊዜ አባትነት እንደሚሆን አሳይተውናል።

በመንበሩ በተቀመጡ በአራተኛው ወር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከሮም ወጥተው መጀመሪያ የጎበኙት ላምፔዱዛ ደሴትን ነበር። ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጡ ለሰጠሙ ስደተኞች የአበባ ጉንጉን ባሕሩ ላይ ጣሉ፤ ለወንድሙ ማልቀስ የረሳውን ዓለምም ገሠጹ። ሦስት ወር ሳይሞላ በዚያችው ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ላምፔዱዛ ለእኛ የሩቅ አገር ዜና አይደለችም፤ በየሰፈራችን የልቅሶ ድንኳን ያስጣለች ስም ናት። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሊቢያ በተገደሉ ጊዜም ለብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ የሐዘን መልእክት ላኩ፤ የሰማዕታት ደም ክርስቲያኖችን ሁሉ አንድ እንደሚያደርግ ያምኑ ነበርና። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በ82 ዓመታቸው በሰው ተደግፈው እየተንበረከኩ የደቡብ ሱዳንን ተቀናቃኝ መሪዎች እግር ሳሙ፤ ሰላሙን እንዲጠብቁም ለመኑ።

«ታዲያ ምን ተለወጠ? ባሕሩ ዛሬም ሰው ይውጣል፤ የደቡብ ሱዳን ሰላምም አልጸናም» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ለቀስተኛ የሚሄደው ሙት ሊያስነሣ አይደለም፤ የሞተው ሰው እንደነበር ሊመሰክር ነው። የተለመነ ልቡን ቢያደነድን ደግሞ ጥፋቱ የለማኙ አይሆንም። ከዚህ የሚከብደው ትችት ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በቺሊ የካህናት ወሲባዊ ጥቃት ሰለባዎች «በደላችንን ሸፍነዋል» ያሏቸውን ጳጳስ በአደባባይ ተከላክለው ተናገሩ። ይህ የተጎዱትን ዳግም ያቆሰለ ስሕተት ነው፤ ምስጋናም ሊሸፍነው አይገባም። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ከባድ ስሕተት መሥራታቸውን በደብዳቤ አመኑ፤ ሰለባዎቹንም ሮም ጠርተው ይቅርታ ጠየቁ። ቁስሉ በዚህ ይሽራል አልልም። ሆኖም ዝቅ ማለት በእርግጥ የሚፈተነው የሌላውን እግር በመሳም ብቻ ሳይሆን «ተሳስቻለሁ» በማለትም ነው።

ማዕዶት መሻገር ነው። ባሕሩን ሳይሻገሩ ለቀሩት ያለቀሱት አባት በዚያ ዕለት ተሻገሩ። በኑዛዜያቸው መሠረት በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ በተራ መቃብር ዐርፈዋል፤ በላዩም ከስማቸው በቀር ምንም አልተጻፈም። ምስጋናችን ግን ዕዳ አለበት። እግራቸውን የሳሙላቸው መሪዎች ያልታደጓቸው ሰዎች ዛሬ ጋምቤላ በስደተኛ መጠለያ አሉ፤ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። ወደ እነርሱ ዝቅ የማለቱ ተራ የእኛ ነው።