አንድ ዜማ በልዩ ልዩ ሌሊት

አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ቢዘፈን ያው አንድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በቦሌ ከሚገኘው ቤቴ ማታ ማታ ተቀምጬ የአንዱን ዜማ ልዩ ልዩ ቅጂ እያስተያየሁ መስማት ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ስለ ሆነኝ በዚህ ቃል አልስማማም። በስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ ተመርጦና ታርሞ የወጣ ነው፤ በሕዝብ ፊት የተቀዳው ግን ሰዓቱን፥ አዳራሹንና ሰሚውን ሁሉ ይዞ ይወጣል።

የሆቴል ዘፈን በዚህ ገጽ ለምን ይጻፋል ብሎ የሚነቅፈኝ አንባቢ ቢኖር ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ይመልከት። አንዱን የድጓ ቃል የቤተ ልሔም፥ የቆማና የአጫብር ሊቃውንት በየመንገዳቸው ያዜሙታል፤ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮም በመካከላችን የተከበረ ነው። ለዚህም የበቃነው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማውን ምልክት ስለ ሠሩልን ነው። ለከተማው ባንድ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የሠራለት የለም፤ በአንድ ሌሊት የተጫወተውን መሣሪያ ካልቀዳው ከንጋት ጋር ይጠፋል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ከአንዱ በቀር፥ በሸክላዎቹ ላይ እንደ ታተሙት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1974 ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ዋልያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት የገባ ሰው ሳይነጋ ወደ ቤቱ ሊመለስ አይችልምና ባንዱም እስኪነጋ ድረስ ይጫወት ነበር። ሰሚው መውጫ ከሌለው ተጫዋቹም ዘፈኑን ለመጨረስ አይቸኵልም፤ ኦርጋኑ ለሳክስፎኑ፥ ሳክስፎኑ ለጊታሩ እየለቀቀ ዜማው ይረዝማል። ከጭንቅ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር መወለዱ ዘወትር ያስገርመኛል።

ከዚያ ዘመን በእጄ ያለው በ1975 የወጣው የ«ትዝታ» ካሴትና በ1977 የታተመው «ቼ በለው» ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የተለኩ ናቸው። የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። አሮጌ ሥራው በ2013 እንደ ገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2016 በኒው ዮርክ በብሩክሊን ከቤዝና ከከበሮ ጋር ብቻ የተጫወተው ተቀድቶ በ2023 ወጣ። የ1975ቱን ትዝታ ከዚህኛው አጠገብ አድርጌ ስሰማ ቅኝቱ ያው ባለ አምስት ድምፁ የትዝታ ቅኝት ነው። በፊተኛው ኦርጋኑ በባልንጀሮቹ መካከል ይሄዳል፤ በኋለኛው ግን የጎደሉትን ሁሉ ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ወዳጆቼ የፊተኛውን ያስበልጣሉ። እኔ የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ አርባ አንድ ዓመት ገብቶበታልና።

የሚያሳዝነኝ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ነው። ከሒልተን ሌሊቶች በእጄ የገባ አንድም ቅጂ የለም። በአሜሪካ ከ1965 እስከ 1995 የተጫወተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ መልክ አይጫወትም ነበር፤ ሰሚዎቹም እንዲቀዱ ፈቀደላቸው፤ በ1984ም ለቀጂዎች የተለየ ስፍራ ሰጣቸው። በግንቦት 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ሌሊት ዛሬ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመዘገባቸው ድምፆች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ዋልያስ በሒልተን እስኪነጋ ይጫወት ነበር! የእኛን መድረክ ድምፅ ከቀዱት እንኳ አንዱ ከቦስተን የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ ነው፤ በ2004 በአዲስ አበባ ከሙላቱ አስታጥቄና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር የተጫወተውን ያሳተመው የፓሪስ አታሚ ነው።

ዛሬስ ቀጂ አልጠፋም። በጥር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ አህመድ በቦሌ ሚሊኒየም አዳራሽ ሕዝቡን ሲሰናበት የስንቱ እጅ ስልክ ይዞ ተነሥቶ ነበር! ከጎረቤት ወጣቶች የአንዱን ዘፈን አራት ቅጂ ለመንሁ። ከመድረኩ ሥር የተቀዳው ከቤዙ ጕርምርምታ በቀር የሚሰማ የለውም፤ ከመካከል የተቀዳው የሕዝቡ ዘፈን እንጂ የማሕሙድ አይደለም። ከኋላ በር አጠገብ የተቀዳው ግን ድምፁ ደካማ ሳለ ሽማግሌው ትንፋሹን ሲሰበስብ አዳራሹ እንዴት ዝም ብሎ እንደሚጠብቀው ያሰማል፤ ደጋግሜ የምሰማው እርሱን ነው። አራተኛው ባለቤቱ ስልኩን ሲለውጥ ጠፋ፤ የቀሩትን ሦስቱን ቀኑንና ቀጂው የቆመበትን ስፍራ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ከአንባቢዎች መካከል ከሒልተን ሌሊቶች አንዱን በካሴት ያስቀረ ቢኖር፥ ቀኑ ባይጻፍበትም፥ ድምፁም ቢያረጅ፥ አንድ ማታ ቢያውሰኝ አመሰግነዋለሁ።