ሁለቱን ጫፍ አብረሽ አውርጂው

አሶሳ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

እማዬ እንደምታውቂያት አክፍላ ነው የፈሰከችው፤ ቄሱ እንኳ «ዕድሜሽ አይፈቅድም» ቢሏት አልሰማ አለች። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል።

በትንሣኤ ዋዜማ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው መጻፌ። «አምስት ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን ሌሊት ሌሊት አሁንም ቡለን ነኝ» አልሽኝ። ቤትሽን ለታጣቂዎቹ ያመለከተው ሰው ፊት አልጠፋ አለሽ። ከእሱ እኩል ደግሞ እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ጥለሻቸው የወጣሻቸው አረጋዊቷ እማማ አሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰው ማለቁን የሰማን ጊዜ አንቺም የሞትሽ መስሎን ነበር። ቻግኒ ደርሰሽ፣ ራንች መጠለያ ገብተሽ በሰው ስልክ ድምፅሽን ስንሰማ እማዬ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ መከራ የወጣ ሰው «እርሺው» ሲሉት ቢከፋው አልፈርድበትም። እኔም እርሺው አልልሽም። እማማን ማልቀስሽ ደግ ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ አልቅሺላቸው፣ ሙት ዓመታቸውን አስቢላቸው። ስማቸውን በጸሎት ማስጠራት ያንቺ ድርሻ ነው።

ሸክም የምለው ሌላ ነው። በየሌሊቱ ችሎት ታስችያለሽ። ምስክሯም፣ ከሳሿም፣ ዳኛዋም አንቺው ነሽ። ሰውየውን አቁመሽ ትፈርጂበታለሽ፣ ቀጥሎ ራስሽን ታቆሚና ከእሱ የከፋ ፍርድ ትፈርጂባታለሽ። ሲነጋ ማንም አልተቀጣ፣ ማንም አልዳነ፣ አንቺ ብቻ ደክመሽ ተማሪዎችሽ ፊት ትቆሚያለሽ።

ዮሴፍን አስቢው። የገዛ ወንድሞቹ ሸጠውት፣ በሰው አገር ታስሮ፣ በመጨረሻ እጁ ላይ ሲወድቁ «ምንም አላደረጋችሁኝም» አላላቸውም። ያሰቡበት ነገር ክፉ እንደነበር በግልጽ ነገራቸው፤ አልቅሶም ነበር። ግን በእግዚአብሔር ወንበር ለመቀመጥ እምቢ አለ። በኦሪት ዘፍጥረት መጨረሻ ላይ ያለው ይህ ንግግሩ ለእኛ አገር ሰው ዛሬ የተጻፈ ይመስለኛል። ይህን ስል ሕግ አይጠይቅ ማለቴ አይደለም። ነገ ፍርድ ቤት ቢጠሩሽ ሄደሽ ያየሽውን ሳታጎድዪ መስክሪ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከታጣቂዎቹ ጋር ሲስማማ ጠመንጃው ጋብ አለ፣ ብዙ ሰውም ወደ ቀዬው ተመለሰ። የሰው ልብ ግን በስምምነት ፊርማ አይድንም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው።

የበርታና የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን እንዴት እንደሚይዙ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። እንጨቱን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በአንዱ ጫፍ ቅል፣ በሌላው ጫፍ ቅርጫት ወይም እንጨት አንጠልጥለው ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። ማረፍ ሲፈልጉ ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጉና ሁለቱን ጫፍ እኩል መሬት ያስነካሉ። አንዱን ጫፍ ብቻ ቢያወርዱ ሌላው ተንጋዶ ይጥላቸዋል። አንቺ ሰውየውን ይቅር ለማለት ስትታገዪ ብዙ ጊዜ አይቼሻለሁ፤ ራስሽን ግን ይዘሻታል። ለዚህ ነው እየተንገዳገድሽ ተመልሰሽ የምትሸከሚው። ጌታ ሸክም የከበደባቸውን ወደ እኔ ኑ ሲል ከሸክሙ መርጣችሁ አምጡ አላለም።

አባዬን ታስታውሻለሽ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደዚህ ለሰፈራ ሲያመጡት ሁለት ልጆች ቀብሮ ነው፤ ታናሽ ወንድሙን ደግሞ አንድ ካድሬ ሌላ መኪና ላይ ጭኖበት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተገናኙም። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ አታውቂ ይሆናል፤ ማታ ማታ ሲጸልይ የዚያን ካድሬ ስም ይጠራ ነበር። እኔ እየረገመው ይመስለኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ ለካ ምሕረት ነበር የሚለምንለት። ወንድሙን መፈለግ ግን አንድ ቀን አላቆመም፤ ከወሎ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መኖራቸውን ያየሁት እሱ ላይ ነው።

ዘንድሮ ስቅለት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ቅጽሩ ውስጥ ከአቧራው ጋር ስንሰግድ ውለን፣ ማምሻውን በተራ ቄሱ ጋ ቀረብን። ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ረጅም ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸው አልቸኮሉም፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢንጫጫም ሰምተው ጨረሷት። ከዚያ በወይራው ቅጠል ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቷን ነገሯት፣ እሷም ወደ ጥጉ ሄዳ ወዲያው ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያበጀችው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው። ችሎቱን ለብቻሽ እንዳትይዢ የሚሰማሽ አለ፤ «ይፍታሽ» የሚልሽ አለ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ለንስሐ አባትሽ ሁለቱንም ንገሪያቸው፤ የሰውየውን ብቻ ነግረሽ የራስሽን አትደብቂ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ሁለት ሌሊት ቤቷ ደብቃ፣ ልጆችሽን ከልጆቿ ጋር አስተኝታ፣ በሦስተኛው ቀን መንገድ ያስያዘችሽ የጉሙዝ ጎረቤትሽ በሌሊቱ ችሎትሽ ላይ ለምን አትጠራም? የእሷም ነገር ቡለን ነው የሆነው።

ሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። በነቀምት በኩል ያለው መንገድ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ነው የምትመጡት፤ ትኬቱን እኔ እችላለሁ። ማንጎው እስከዚያ ያልቃል፤ እማዬ ግን በቆሎ እሸት አለ ብላ ከአሁኑ ለልጆቹ ቃል ገብታለች። የንስሐ አባትሽን ያነጋገርሽ ዕለት ደውይልኝ፣ ቢመሽም ግድ የለም።

ታላቅ ወንድምሽ