ዳባት ድረስ ማንም ሾፌር ነው

አጎቴ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። «ዳባት ድረስ ማንም ሾፌር ነው» ይላሉ። ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን፣ ከዚያም ደባርቅን ለማግኘት መሪ መያዝ ይበቃል ማለታቸው ነው። ደባርቅ ታልፎ ሊማሊሞ ሲጀመር ግን ወዮ! ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። እዚያ ላይ አዲስ ሾፌር የሚታወቀው በእግሩ ነው። ሲደነግጥ ፍሬን ይረግጣል፤ ፍሬኑ ይግልና ይከዳዋል። የቆየው ሾፌር ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ይዞ ያወርደዋል። ይኸን እግሩ የተማረው ረዳት ሆኖ ስንት ጊዜ ወርዶ ወጥቶ ነው።

ሊማሊሞን ያነሳሁት በሰማይ ነገር ስለምጨቃጨቅ ነው። በግቢያችን የበረራ 302 ወሬ በተነሳ ቁጥር «አብራሪዎቹ ልምድ አልነበራቸውም» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ የምን ልምድ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ አንድ ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ረዳቱ አሕመድ ኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር፤ የበረራ ሰዓቱም 361። እንደኛው ያለ ልጅ ነው እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይሮፕላኑ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ግራና ቀኝ አሉት። የቀኙ ደህና ነበር፤ የግራው ከ74 ዲግሪ በላይ አለ። ኤምካስ የሚባለው አውቶማቲክ ደግሞ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። የተሳሳተውን አምኖ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አፍንጫውን ወደ ምድር ገፋ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰው ያለቀው በዚሁ ጣጣ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የአብራሪዎቹ መመሪያ ስለ አሠራሩ አላስረዳቸውም። ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ ለሚሻገር አብራሪም ሲሙሌተር አያስፈልግም፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ይበቃል ተብሎ ነበር። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ መመሪያ በወረቀት መጣ። ወረቀት አንብቦ ሊማሊሞን የወረደ ሾፌር ካለ እስቲ አሳዩኝ!

ልብ በሉ እንግዲህ። የካፒቴኑ መሪ እየተንቀጠቀጠ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ የጭራው ሞተር ይቆረጥ ብሎ ሁለት ጊዜ የተናገረው ማን መሰላችሁ? ባለ 361 ሰዓቱ አሕመድ ኑር! ልክ ነበር፤ ቆረጡት። ከዚያ በእጅ የሚዞረውን መዘውር ቢሞክር እምቢ አለ። ፍጥነቱ እጅግ ጨምሮ ስለነበር ነፋሱ ጭራውን ጠፍሮ ይዞታል። የሞተሮቹ ኃይል ከመነሻው አልተቀነሰም ነበርና፣ እዚህ ላይ ወቃሾቹ ነጥብ አላቸው፤ አልክድም። በመጨረሻ ማብሪያውን መልሰው ሳይከፍቱት አልቀሩም። ኤምካስም ተመልሶ ገፋ።

«ልዑል አባተስ?» ይሉኛል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች አልሰማ ብለውት ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ 767ቱን ኮሞሮስ ባሕር ላይ አሳረፈ። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ጀግና ነው፣ ማን ይክዳል? ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ያውቃል። ግን የልዑል አይሮፕላን ሞተር አጣ እንጂ ከእጁ ጋር አልታገለም። ሲስብ ይሳባል፣ ሲያዞር ይዞራል፤ ስንት ዓመት የለመደው እጅ የሚያውቀው ነገር ነበር። ያሬድ ሲስብ ግን አንድ የማይታይ ነገር መልሶ ይገፋል። ያን ትግል የትኛው ልምድ ያስተምራል?

በ2001 ዓ.ም. ሃድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፈው አሜሪካዊው ካፒቴን ሰለንበርገር በሰኔ 2011 በአገሩ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ያን በረራ ሲሙሌተር ላይ ሞክሮት እንደነበረና አብራሪዎቹ እንዴት እንደተዋከቡ እንደገባው መስክሯል። ማክስ በአሜሪካ እንደገና እንዲበር የተፈቀደው ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም መሣሪያ ያነጻጽራል፤ አብራሪም ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ያን መዘውር በእጁ ሳያዞር ማክስን አያበርም። ያ «ልምድ» የሚለው ጓደኛዬ ለዚህ ምን እንደሚል እጠብቃለሁ።