«ዕዮ ገዛ» ምን ገዛ? ልጅ ይዞ መቀሌ መግባት

መቀሌን ሊጎበኝ የሚሄድና ልጅ ይዞ ለኑሮ የሚገባ ሰው የሚያዩት ከተማ አንድ አይደለም። ጎብኚው የአጼ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ያያል፣ የሰማዕታት ሐውልት ሥር ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ሮማናት አካባቢ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ በቃ። ልጅ የያዘው ግን ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ሆዱን የሚቆርጠው ነገር አለ፤ «ልጄ የት ትማራለች?»

ጓደኛዬን የገጠማት ይኸው ነው። ባሏ በሥራ ተዛውሮ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ መቀሌ ገቡ። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል መግቢያዋ ነበር። እኔ በ2016 የጥምቀት ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ያን በጥርብ ድንጋይ ያማረ ከተማ ያየሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው።

ወዲያው እንደገቡ ልጅቷ ደብተሯ ላይ «ዕዮ ገዛ» የሚል ጽሕፈት ይዛ መጣች አሉ። እናት ሆዬ ፊደሉን ታነባለች፣ ትርጉሙ ግን ጠፋባት። «ማነው የገዛው? ምን ግዙ ነው የሚሉን?» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። ለካስ በትግርኛ «ገዛ» ቤት ነው፣ «ዕዮ» ደግሞ ሥራ። የቤት ሥራ! ጎረቤታቸው ያሉት እናት ናቸው የነገሯት። ሲስቁ ቆይተው «ኣጆኺ ጓለይ፣ ቀስ ብለሽ ትለምጅዋለሽ» አሏት። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እሷ ግን ሌሊቱን ስታለቅስ ማደሯን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠናት አቃታት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአገራችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ትግራይ ውስጥ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም በትግርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከዘጠነኛ ጀምሮ ነው። ክልል በተሻገራችሁ ቁጥር የማስተማሪያው ቋንቋ ሊለወጥ እንደሚችል ቤት ስንከራይ እንጂ ልጅ ስናስመዘግብ ትዝ አይለንም። የመቀሌ ልጅ አዲስ አበባ ሲመጣም የሚያለቅሰው ለዚሁ ነው፤ እኛ አላየነውም እንጂ።

«ፊደሉ አንድ አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። እዚያ ላይ ነው የምንሸወደው። እኛ ሀ እና ሐን፣ አ እና ዐን አንድ አድርገን ስለምንጠራቸው የቃል ጽሕፈት ሲሰጠን የፈለግነውን ብንጽፍ ማንም አይቆጣም። በትግርኛ ግን ሐ እና ዐ ከጉሮሮ የሚወጡ ራሳቸውን የቻሉ ድምጾች ናቸው፤ ካሳሳታችሁ ቃሉ ሌላ ይሆናል። እኛ ጋ የሌለችው ቐም አለች። ልጅቷ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍላት ከማንም አታንስም ነበር፤ መምህሩ በቃል ሲጠይቁ ነው የምትጠፋው። «ሸውዓተ» ሰባት ነው፣ «ሸሞንተ» ስምንት ነው፤ ሁለቱ ይምታቱባታል። አዲስ አበባ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ስትወጣ የነበረች ልጅ ክፍል ውስጥ አፏን ዘጋች። ቤትም ስትመጣ መናገር ቀነሰች። እናትየው «ለእናቴ ልላካት» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። አባትየው ደግሞ «ልጅ ያለ አባት አታድግም» ይላል። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስት ለአንድ ወር ያህል የተነጋገሩት በምሳ ሰዓት «ጨው አቀብለኝ» በመባባል ብቻ ነበር ብትባሉ ታምናላችሁ?

ርእሰ መምህሩ ጠርተው «ሁለተኛ ክፍል ትውረድና የትግርኛ ንባቡን ታጠናክር» ባሉ ጊዜ አባት ተቆጣ። «ልጄ ደደብ ናት?» ጓደኛዬ ግን ብልህ ናት፤ መልስ ከመስጠቷ በፊት ክፍሉን ልይ ብላ ጠየቀች። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ሦስተኛ ክፍል ገብተን ያየነውን እስካሁን አልረሳሁትም። ከኋላ የተቀመጡት ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሏል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ሒሳቡን አስቡት። ትምህርት ቤት በኮሮና በመጋቢት 2012 ተዘጋ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ቢፈረምም የመቀሌ ልጆች ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ አሁን ሦስተኛ ክፍል ሲቀመጥ አሥራ ሁለት ሞልቶታል ማለት ነው። ላይኛው ክፍልም ያው ነው፤ በ2012 መፈተን የነበረባቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት በ2016 መጀመሪያ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ገና የተፈናቃዮች መጠለያ ስለነበር ልብስ የተሰጣበትን ግቢ አልፈን ነው የሄድነው።

ከክፍሉ ስንወጣ ጓደኛዬ «እኔ ስለ አንድ ዓመት ነው የምጣላው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ስለ ዓይደርም ያኔ ነው የሰማችው። በግንቦት 1990 በኤርትራ ጦርነት ጊዜ የዓይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደብድቦ ተማሪዎች ሞተዋል። ጎረቤታቸው ያሉት እናት ልጅ ሲሸኙ በር ላይ ረዘም አድርገው የሚቆሙት ለምን እንደሆነ ሲገባት፣ ለትግርኛ ፈተና ስትል ስታማርር በነበረችው አፈረች።

ገበያ ላይስ? አማርኛ ስትናገር አንዳንዱ ቀዝቀዝ ብሎ ይመልስላታል፤ ብዙው ግን ራሱ በአማርኛ ይቀጥልላታል። ቁስሉ ትኩስ ነውና የመጀመሪያውንም አልፈረደችበትም። እሷም «ከመይ ሓዲርኪ» ብላ መጀመር ለመደች። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርቱም ሳይረክስላት አልቀረም።

እንግዲህ ልጅ ይዛችሁ እንዲህ ያለ ዝውውር ቢያጋጥማችሁ ከእሷ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። የውጤት ካርዱንና መሸኛውን ይዛችሁ ሂዱ፤ «በኋላ ይላካል» የሚባል ነገር አይላክም። ልጁ ዘጠነኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው ያግዘዋል። ከሁሉ የሚከብደው ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ መድረስ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከፊቱ አለና። የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያበዛል ብላችሁ ብትመርጡም ትግርኛ አይቀርላችሁም፤ ኪሳችሁን አስባችሁ ግቡ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካላችሁ ግን እንቅልፋችሁን ተኙ። በሦስት ወር እናንተን ያርማችኋል።

ልጅቷ አልወረደችም። መምህሩ ከአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጎን አስቀመጧት፤ ትልቋ በየዕለቱ ከትምህርት በኋላ አንድ ገጽ ታስነብባታለች፣ ትንሿ እንግሊዝኛውን ታስረዳታለች። ከዕዳጋ ሰኑይ ተመልሰን እናትየው የአስቤዛ ዝርዝር ስትጽፍ «እማ፣ እሷ እኮ ቐ ናት፣ ቀ አይደለችም» ስትላት ጆሮዬ ሰምቷል። የትግርኛ የመጀመሪያ ፈተናዋ ከመቶ 31 ነበር፤ እኔ እዚያ እያለሁ ያመጣችው 52 ነው። አባት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

አያት ግን አሁንም ሲደውሉ «መቼ ነው የምትልኩልኝ?» ነው የሚሉት።