ቀይዋ መኪና

እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከካርቱም ስትመጣ ለሦስቱም የያዘችው አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር። ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ወር አልፎታል። በመዳኒ በኩል ሦስት ቀን ተጉዘው ገዳሪፍ ሲደርሱ ሻንጣውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከልብሱና ከትምህርት ማስረጃው መካከል በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ገልጬ ባየው ቀይ መጫወቻ መኪና ሆነ። «ስንት የሚያስፈልግ ነገር ጥለሽ ይህን ትሸከሚያለሽ?» ልላት አፌን ስከፍት በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ «ጋሼ፣ አባቱ የገዛለት ነው። እሷን ካልያዝን አልሄድም ብሎ በር ላይ ተቀመጠ» አለችኝ። አባትየው አሮጊት እናቱን ጥሎ መውጣት ስላልሆነለት ኦምዱርማን ቀርቷል። ልጁ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

መኪናዋ ከጫማ ሳጥን ጥቂት ታንሳለች። በሪሞት የምትነዳ፣ ትልልቅ ጎማ ያላት የቻይና ሥሪት ናት፤ ድንጋይ ለመውጣት ተሠራች ይባልላታል። በባሕር ማዶ ይህ ጨዋታ የአዋቂዎች ሙያ ከሆነ ቆይቷል። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 «ክሎድ ባስተር» የምትባል ባለ ሁለት ሞተር መጫወቻ አውጥቶ ነበር። አሜሪካውያን እሷን ፈተው እየለወጡ፣ በድንጋይ መካከል በተተከሉ ምልክቶች መሐል ምንም ሳይነኩ የማለፍ ውድድር ጀመሩ። በዚህ ውድድር የሚከበረው ፈጣን ነጂ ሳይሆን መኪናውን ሳይገለብጥ የሚያሳልፍ ነው። እንደ አክሲያልና ትራክሳስ ያሉ ፋብሪካዎችም ለዚሁ ተብለው የተሠሩ መኪኖችን ወደ መሸጥ ገቡ። የእኛይቱ የዚያ ቤተሰብ የሩቅ ዘመድ ናት፤ መልኩን እንጂ ጉልበቱን አልወረሰችም።

ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጁ ከቤት አልወጣ፣ ከሰው አልቀላቀል ስላለ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ መኪናዋን አስይዤ ወደ ተዋዋ አቅጣጫ ወሰድኩት። እንደምታውቁት ገዳሪፍ የተቀመጠችው በጥቁር ድንጋይ ኮረብታዎች መካከል ነው። መኪናዋን ከአንዲት ዝቅተኛ ድንጋይ ሥር አስቀመጥናት። ልጁ ሪሞቱን ሲነካው እንደ ደነገጠ ፌንጣ ዘለለች። ሪሞቷ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወይ መቆም ወይ ባለ በሌለ ኃይሏ መሮጥ። ድንጋዩን በአፍንጫዋ መታችው፤ አንድ ጎማዋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በከንቱ ተሽከረከረ፤ ከዚያም በጀርባዋ ተገለበጠች። አምስት ጊዜ ሞከርን፣ አምስቴ ተገለበጠች። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በዓረብኛ ነው። «ድንጋይ አትወድም» ብሎ አነሣትና በሸሚዙ አቧራዋን ጠረገላት።

እኔ እጄ ለብረት የተፈጠረ ሰው አይደለሁም፤ ኑሮዬ በወረቀትና በመዝገበ ቃላት ነው። ያደግሁት ግን ሎሪ ሲፈታና ሲገጠም እያየሁ ነው። አባቴ በ1971 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሲሻገር ይዞት የመጣው ንብረት ጎንደር ጋራዥ ውስጥ የተማረው ሙያ ብቻ ነበር። ከሙያው ጋር ቃላቱም አብረው መጡ፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ። እዚህ የተቀጠረበት ኡስታ ደግሞ የራሱ ቃላት ነበሩት። አባቴ ባሌስትራ የሚለውን እሱ ያይ ይለዋል። አንዱ ከጣሊያን፣ ሌላው ከቱርክ የተወረሰ ቃል ነው፤ በቱርክኛ ያይ ቀስት ማለትም ነው። ሁለቱ ሰዎች ባንድ ብረት ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ አንድም ቀን አስተርጓሚ ሲፈልጉ አላየሁም። (ይህን የምለው በትርጉም እንጀራ የምበላው እኔ ነኝ።)

የዚያን ጊዜ የሱዳን ሎሪ ማለት ቤድፎርድ ማለት ነበር፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ቲጄ የሚባለው። የእንግሊዙ ፋብሪካ የሠራው በደህና መንገድ መጠነኛ ጭነት እንዲይዝ ነው። እዚህ የጠበቀው ግን በክረምት እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ የገዳሪፍ ዋልካ፣ በዚያ ላይ የማሽላ ጆንያ ተራራ፣ ከጆንያው በላይ ደግሞ ተሳፋሪ ነበር። ስለዚህ አንጥረኛና አናጢ ተረባረቡበት። ቴላዮውን በብረት አጠነከሩት፤ የባሌስትራውን ንብርብር ጨመሩለት፤ ጋቢናውን ነቅለው በራሳቸው አምሳል ሠሩት፤ የጭነት ሳጥኑን ከፍ አደረጉት። ኩርት ቤክ የተባለ ጀርመናዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጽሑፉ ይህን የሱዳን ሎሪ ማሻሻል እንደ ተራ ጥገና ሳይሆን እንደ ፈጠራ ጥበብ ተመልክቶታል። አባቴ ይህን ቢሰማ በጣም ደስ ይለው ነበር። አንድ ጊዜ ካረጀ ቤድፎርድ አጠገብ አቁሞኝ፣ «እስቲ ከእንግሊዝ የመጣው የቱ እንደሆነ አሳየኝ» አለኝ። ሞተሩን አሳየሁት። «ሁለት ጊዜ ተለውጧል» አለ። ግንባሩ ላይ ያለውን ስም አሳየሁት። ሳቀ።

ቀይዋን መኪና ለማሻሻል የተነሣሁት እንግዲህ በዚህ ውርስ ተማምኜ ነው። ከዲፈረንሻሏ ጀመርን። ዲፈረንሻል መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ እንዲዞር የሚፈቅድ ብልሃት ነው፤ ለአስፋልት በረከት ነው። ድንጋይ ላይ ግን መርገምት ይሆናል፤ አንዱ ጎማ ከመሬት የተነሣ እንደሆነ ኃይሉ ሁሉ ወደዚያ ወደ ሥራ ፈቱ ይሄድና መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል። መፍትሔው ሁለቱ ጎማዎች የግድ አብረው እንዲዞሩ ትንንሾቹን ማርሾች ማሰር ነው። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚደርቀውን ማጣበቂያ ሞላንባቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ ዋጋው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ውስጣቸው ባዶ፣ ላስቲካቸው ደረቅ ነበር። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን ሞላናቸው፤ ድንጋይ ሲነኩ አየር ተንፍሰው ጎበጥ እንዲሉም በየቸርኬው ትንሽ ቀዳዳ በሳን። ክብደቷም ወደ ላይ የተሰበሰበ ስለነበረ ከአንድ ጎሚስታ የጎማ ሚዛን መጠበቂያ እርሳስ ለመንኩና በፊት ጎማዎቿ ቸርኬ ውስጥ ለጠፍን። እርሳሱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ መርዝ ነውና ልጁን አላስነካሁትም። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ካቻቢቴና ፒንሳ ያቀብለኛል። የመሣሪያዎቹን ስም በአማርኛ የተማረው በዚያ ሰሞን ነው፤ በጣሊያንኛ ነው ማለት ይቀላል መሰለኝ።

በውርስ መተማመን ግን አንድ ቦታ ላይ አሳፈረኝ። አባቴ ሎሪ ሲያሻሽል ባሌስትራ ይጨምር ነበርና እኔም የመኪናዋን ሞላዎች በጠንካራ ሞላ ለወጥኋቸው። ኮረብታው ላይ ስንወጣ ከበፊቱ ባሰች፤ እንደ ጠረጴዛ ድርቅ ብላ ሁለት ጎማዋን አንሥታ ትገለበጣለች። ሁለት ቀን ያህል ጥፋቱን ከማጣበቂያው፣ ከስፖንጁ፣ ከሁሉም ፈለግሁ። በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ ኡስታ ይዣት ሄድኩ። በጣቱ ጫን ጫን አደረጋትና፣ «ስንት ጆንያ ነው የምትጭነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። «ታዲያ ያዩን ለማን አጠነከርከው?» አለኝ። ሎሪው የሚጠነክረው ለጭነቱ ነው። ይህች ከራሷ በቀር የምትሸከመው የላትም፤ የሚያስፈልጋት እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው ወርዶ መሬቱን የሚፈልግበት ልል ሞላ ነው። ጠንካራውን አውጥተን ከፋብሪካው ከመጣውም የለሰለሰ ገጠምን። የዚያን ዕለት ድንጋዩ ላይ እስከ ወገቧ ወጣች።

ከወገብ በላይ ያልወጣችው ስለምትዘል ነው። ለዚህ ሞተሯም ሪሞቷም መለወጥ ነበረባቸው። በሞተር ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ሲበዛ ፍጥነቱ ቀንሶ ለዝግታ ይመቻል። በትልልቆቹ መጫወቻዎች ዘንድ 27 ዙር የተጠመጠመው ለሩጫ፣ 55 ዙር የተጠመጠመው ለድንጋይ ይመረጣል። በዚያ ላይ ጣት የጫነውን ያህል ብቻ ኃይል የሚለቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ከጂዳ የሚመጣ ዘመድ ለመንን፤ ከብዙ ወራት በኋላ ሁለት ዝግተኛ ሞተር፣ መቆጣጠሪያና አዲስ ሪሞት በካልሲ ጠቅልሎ አመጣልን።

የመጀመሪያውን ሞተር ልፈታ ካቻቢቴ ስዘረጋ ልጁ እጄን ያዘ። «ኻሊ፣ ይህን ባባ ነው የገዛው» አለኝ። ጎማውን ስሞላ፣ ሞላውን ስቀይር ዝም ያለ ልጅ ነው። ሞተሩ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነበት። አዲሱ እንደሚሻል ነገርኩት። አውቃለሁ አለኝ። የአያቱን የቤድፎርድ ታሪክ አወራሁለት፤ ሁሉ ነገሩ ተለውጦ ቤድፎርድ መባሉ እንዳልቀረ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ለምን ቤድፎርድ ይሉታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአፌ የሚወጣ መልስ አጣሁ። ሥራውን አቆምን።

አዲሶቹ ዕቃዎች ካልሲያቸው ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በአገሪቱ የስልክ መስመር ተቋረጠ። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ፤ የሞተና ያለው አልለይ ብሎ ነበር። እህቴ ስልኳን በትራሷ ሥር አድርጋ ታድራለች፤ ልጁ የስልኩን ድምፅ የሚጠብቅ እንዳይመስል ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተኛል። መዳኒ ከወደቀች ሁለተኛ ወሯ ነበርና ከተማው በሙሉ ጆሮው ቆሟል። አንድ ማለዳ ልጁ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ መጣና ፊቴ አስቀመጠው። «የሚወጣው ሁሉ እዚህ ይግባ። አንድ ብሎን እንኳ አይጣልም» አለኝ። ይህን ያለኝ በአማርኛ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ሁለቱ አሮጌ ሞተሮች፣ አሮጌው መቆጣጠሪያ፣ ሽቦዎቹ፣ ቀደም ሲል የወጡት ሞላዎች ሳይቀሩ ጣሳው ውስጥ ገቡ። ከመካከል የተሰበረ አንድ ብሎን ልጥል ስል ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ እሱንም ጨመርኩት። መብራት ስለማይገኝ ባትሪውን የምንሞላው በጎረቤት ሶላር ነው። የሞላ ባትሪ ወደ ግማሽ ሰዓት ያጫውታል፤ ያንኑ ስንጠብቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

መኪናዋ ድንጋዩን የወጣችበትን ቀን ልግለጽላችሁ ብል ምንም የሚታይ ነገር የለበትም። ቀንድ አውጣ ግድግዳ ስትወጣ ያየ ሰው አይቶታል። የፊት ጎማዋ ድንጋዩን ዳሰሰ፤ ስፖንጁ ጎበጠ፤ አንዱ ጎን ወረደ፣ ሌላው ተነሣ፤ ቆመች፤ ልጁ ጣቱን በአንዲት ፀጉር ያህል ጨመረ፤ ደግሞ ጥቂት ተሳበች። ጫፍ ላይ ስትደርስ ልጁ አልጮኸም። እዚያው ለረጅም ጊዜ አቆማትና ዙሪያዋን እየዞረ ተመለከታት።

አባትየው የደወለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሳተላይት ኢንተርኔት ከሚያስደውል አንድ ሱቅ ወረፋ ይዞ፣ ለጥቂት ደቂቃ። እህቴ አለቀሰችና ስልኩን ለልጁ ሰጠችው። ስለ ትምህርት፣ ስለ እህቱ፣ ስለ አያቱ ተነጋገሩ። ከዚያ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ፤ «ቀይዋስ? አለች?»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «አለች» አለ።

«ድንጋይ ትወጣለች?»

«ትወጣለች። ቀስ ብላ ነው።»

ስለ ሞተሩ አልነገረውም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጣሳውን ከመደርደሪያው አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ኻሊ፣ ባባ ሲመጣ የድሮውን ሞተር መልሶ መግጠም ይቻላል?» አለኝ። አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው አልኩት። «ሪሞቱንስ?» እሱንም አልኩት። ማጣበቂያው የደረቀበት ዲፈረንሻል ግን እንደማይመለስ ነገርኩት፤ እዚያ ላይ ልዋሸው አልፈለግሁም። ጣሳውን ነቅነቅ አድርጎ የብሎኖቹን ድምፅ ሰማና ክዳኑን ገጠመው። ከዚያም ባትሪው ሞልቶ እንደሆነ አይቶ እንዲመጣ ወደ ጎረቤት ሄደ።