ከሹመት በፊት

ሕዝብን ለማስተዳደር የሚማር ወጣት ሕግንና ታሪክን ከመጽሐፍ ያገኛል፤ የባላገሩን ችግር ግን ባላገሩ ዘንድ ሄዶ ካላየው አያውቀውም። በ1954 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይህን አስተውሎ፥ ከ1957 ዓ.ም. ዠምሮ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ አስቀድሞ አንድ ዓመት ወጥቶ ሕዝብን እንዲያገለግል ሥርዓት አደረገ። የሚበዙትም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪዎች ኾኑ። አንዳንዱ ዕድሜው በከንቱ የሚያልፍ መስሎት አጕረመረመ። ነገር ግን በደብተሩ «ሕዝብ» ብሎ የጻፈው፥ በዚያ ስም ያለው ሰው ኾኖ ጠበቀው።

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም፤ ሹምስ አገሩን ሳያውቅ እንዴት ይፈርዳል? ዛሬም የአስተዳደርን ትምህርት የሚያሰናዱ መምህራን ተማሪውን ከሹመቱ በፊት ወደ ሕዝቡ ቢልኩት፥ ትምህርቱ ፍሬ ያፈራል።