ሃላሌ የት ናት?

አባቴ የተወለደው ሃላሌ ነው። ይህ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን ያህል እንደሚወሳሰብ ያየሁት፣ ለጡረታው ጉዳይ የድሮ ሰነዶቹን ከሣጥን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋቸው ነው። የተማሪነቱ ወረቀት ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ይላል፤ የአውራጃው ስምም ዛሬ ወላይታ ውስጥ ማንም ሊጠራበት የማይፈልገው አሮጌው ስም ነው። ከአብዮቱ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ አውራጃውም ወላይታ። በ1980 ደርግ ካርታውን እንደገና ሲሸነሽን ወላይታ ከሲዳሞ ወጥቶ ሰሜን ኦሞ ገባ፤ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ አርባ ምንጭ! ኢሕአዴግ መጥቶ ሰሜን ኦሞን ደቡብ ክልል ውስጥ ዞን አደረገው።

ከዚያ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች «ወጋጎዳ» ተብለው ባንድ መማሪያ መጽሐፍ ሲጨፈለቁ የወላይታዋ ከተማ ሶዶ በ1992 ተቆጣች። ሰው ሞተ፣ መጽሐፉ ተነሣ፣ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ የአስተዳደር መቀመጫውም ሶዶ። ወረዳውም በበኩሉ አልተኛም፦ ክንዶ ኮይሻ ተከፍሎ ሃላሌ የክንዶ ዲዳዬ ዋና ከተማ ሆናለች። አባቴ አንድ ጊዜ ተወልዶ ስንት ቦታ እንደተመዘገበ ቁጠሩት። ለቢሮ ጸሐፊዎች ይህን ማስረዳት ሲሰለቸው «ግቤ ሦስት ግድብ ያለበት» ይላል። 243 ሜትር ቁመት፣ 1870 ሜጋ ዋት! ይህን የማያውቅ የለም። እርግጥ ግድቡም ቢሆን አድራሻው አንድ አይደለም፤ ኦሞን ከዚህ ወላይታ ከዚያ ዳውሮ ይዘውለታል።

እኔም ይህችን ያለችበት ሳትነቃነቅ አድራሻዋ የሚዞር ከተማ ላያት ከሶዶ ተሳፈርኩ። ቆርቆሮ የለበሱ ሱቆች፣ ከቤቶቹ ጓሮ እንሰት፣ ቁልቁል ደግሞ ወደ ኦሞ የሚወርደው ገደላማ አገር። በእጄ የአባቴን የልደት ወረቀት ቅጂ ይዣለሁ፣ ማኅተም ያለበት። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘንድ ቀርቤ፣ የማውቃትን አንዲት የወላይትኛ ቃል «ሳሮ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አባቱስ?»

የአያቴን ጨመርኩ።

«ማላ ናችሁ ዶጋላ?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የወላይታ ጎሳዎች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ታላላቅ ወገኖች እንደሚጠቃለሉ ሰምቻለሁ፤ እኛ የትኛው እንደሆንን ግን አባቴን ጠይቄው አላውቅም። አዲስ አበባ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ማላ ነን ዶጋላ?»

«ማላ። ጎሳውንም ንገራቸው» ብሎ ስሙን ሰጠኝ።

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለውኝ በወላይትኛ ረጅም ጨዋታ ገቡ፤ የሚስቁት እኔን እያዩ ስለነበር ርእሱ ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ጨዋታው ሲያበቃ የአያቴ ቤት የነበረበትን ጓሮ በከዘራቸው አሳዩኝ፤ ከዚያ ቤታቸው ወስደው በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል አጠጡኝ። ነጭ ሽንኩርቱና ሚጥሚጣው ጉሮሮዬን ሲያቃጥለው፣ አባቴ አዲስ አበባ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለምን «ይሄ ውሃ ነው» እያለ እንደሚያማርር ገባኝ።

በዚያ ሁሉ ጥያቄ መሀል ክልሌን፣ ዞኔንና ወረዳዬን የጠየቀኝ አልነበረም። በሦስት ጥያቄ ቤት ድረስ የሚያደርስ አሠራር ቢሮዎቻችን ውስጥ አላየሁም። ስለዚህ ቅጽ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ የአባትና የአያት ስም የሚጻፍበትን መስመር ረዘም አድርጉልን፤ ክልል የሚለውን ግን በእርሳስ እንድንሞላው ፍቀዱልን።